ስድስት መቀመጫ የሚወዱት ደንበኛ

ካልሲውን ግራ እግሯ ላይ እያጠለቀላት ነበር። አክስቱ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ በብረት የተጠገነው ዳሌዋ እንደ ልብ አይታጠፍም። እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የካልሲውን አፍ በሁለት አውራ ጣቶቹ ከፍቶ፣ ተረከዟ ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ይስባል።

«እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው?» አለች።

«እንዳያምሽ ብዬ ነዋ፣ አክስቴ።»

«የሚያመኝ ቀስ ስትል ነው። ሳበውና ገላግለኝ!»

ሳበው። ጣቶቿን ካልሲው ውስጥ አንቀሳቅሳ አየቻቸውና ቀኙን እግር አቀበለችው።

አውሮፕላኑ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ነገ ጠዋት ዳሌዋ ውስጥ ብረቱን ያስገባው ሐኪም ይቀበላታል። ብረቱ ከቦታው ሸርተት ብሏል፤ አሁን ካልተስተካከለ ሁለተኛ በእግሯ አትቆምም ተብሏል። ሐኪሙ ደግሞ በማግስቱ ለትምህርት ባሕር ማዶ ስለሚሄድ ሌላ ቀጠሮ የለም። በመኪና እንዳትሄድ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ቢፈጥንም መንገጫገጩን አትችለውም። እና ይህች ሴት፣ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ትኩሳቱንም ጥጋቡንም ችላ ያሳደገችው ሴት፣ አንድ ነገር ምላለች።

«ያላንተ አውሮፕላን ውስጥ አልገባም። አንተ ከቀረህ እኔም ቀረሁ። ብረቱ ከነዝገቱ አብሮኝ ይቀበራል።»

የእሷ መሐላ እንደ ሌላ ሰው መሐላ በልመና አይፈታም። ደግሞም ምክንያት አላት። ባለፈው ዓመት መጋረጃ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጥታ ስትወድቅ፣ የከተማው ሆስፒታል «ከአቅማችን በላይ ነው» ብሎ በአውሮፕላን አስጫናት። እሱ ያን ሰሞን ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርና አልደረሰም፤ አብራት የሄደችው የማታውቃት ነርስ ናት። መቀመጥ የማይችል በሽተኛ በአውሮፕላን የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ስድስት መቀመጫ ይታጠፍና ከላዩ ላይ ቃሬዛ ይታሰራል፣ ዙሪያው በመጋረጃ ይከለላል፣ ከራስጌ የኦክስጅን ጠርሙስ ይቆማል። የሟች ባሏ መሥሪያ ቤት የገባላት የሕክምና ዋስትና ሁሉንም ሸፈነ። ስድስቱም ቲኬት በእሷ ስም ተቆረጠ፤ ያውም በዚያው ቀን የተገዛ፣ ዋጋው ሰማይ የነካ ቲኬት። እሷ ከጣሪያው በቀር ምንም ሳታይ፣ ግማሹን መንገድም ራሷን ስታ ሄደች።

ይህን ሁሉ የሚረዳ ሰው ነው። የአየር መንገዱ ኮምፒውተር ግን የተኛውንና የተቀመጠውን አይለይም። የእሱ ዓይን ያየው አንዲት ተሳፋሪ በአንድ ጀንበር ስድስት መቀመጫ ስትገዛ ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከየት ይገኛል?

እሱስ? እሱ ሚዛን አስተካካይ ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ «ባለሚዛኑ» ይሉታል። ከከተማ ከተማ እየበረረ የፋብሪካውን፣ የመጋዘኑን፣ የወፍጮ ቤቱን ሚዛን ይፈትሻል፤ ያዘነበለውን ያቃናል። በየሳምንቱ ይበራል። መሥሪያ ቤቱ የሚገዛለት ቲኬት ከርካሽም ርካሹ ስለሆነ መቀመጫው ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፤ ጀርባው የማይጋደም፣ መስኮት የሌለው፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ክርኑን የሚገጭ። በዚያ ወንበር ላይ ዓመታት ተቀምጦ ከአየር መንገዱ የወርቅ ካርድ አገኘ። የወርቅ ካርድ ብዙ ነገር ያሰጣል ይባላል። ለእሱ ግን ቁም ነገሩ አንድ ነበር፦ ወርቅ የሆነ ሰው አውሮፕላን ሲሞላ አይቀርም። ዓርብ ዓርብ ከልጆቹ ጋር ራት ይበላል።

ባለፈው ወር ስልኩ ላይ መልእክት ገባ። «ውድ ደንበኛችን፣ ታማኝነትዎን ይበልጥ ፍትሐዊ በሆነ መንገድ ለመመዘን እንዲቻል አሠራራችንን አሻሽለናል።» ሚዛን አስተካካይ «ለመመዘን» የሚል ቃል ሲያይ ይጠራጠራል። ወረድ ብሎ ሲያነብ ነገሩ ገባው፦ ከእንግዲህ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው የተጓዘው ሰው ሳይሆን የከፈለው ኪስ ነው። ወርቁ ተነጠቀ። በምትኩ አዲስ ማዕረግ ተሰጠው፤ ስሙም «ጀማሪ» ነው። በየሳምንቱ ሲበር ጠጉሩ የሸበተ ሰው ጀማሪ ተባለ።

በዚያው ሳምንት አክስቱ ቤት በጥቁር ከፋይ የተለበጠ ማኅደር ደረሰ። ውስጡ ካርድ፣ ካርዱ ላይ «አልማዝ» የሚል ጽሑፍ፤ ከወርቅም በላይ ያለው ማዕረግ ነው። በማግስቱ ድምጿ ማር ማር የሚል ልጅ ደወለች።

«እመቤቴ፣ ለበረራ ያለዎትን ፍቅር እናደንቃለን። ያለፈው ጉዞዎ እንዴት ነበር?»

«ልጄ፣ ራሴን ስቼ ነበር» አለች አክስቱ።

«ለሰጡን አስተያየት ከልብ እናመሰግናለን።»

አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ እሷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ወደ ክቡራን ደንበኞች ማረፊያ ወሰዳት። ጊዜ ነበራቸው፤ እሷም «ያን ስትለፈልፍልኝ የኖርከውን ክፍል ካላየሁ» ብላለች። በሩ ላይ የምትቆመው ሠራተኛ ባለሚዛኑን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ምነው ጠፉ?»

«አልጠፋሁም። ወርጄ ነው።»

ልጅቷ ወደ አክስቱ ካርድ ዞረች። አየችውና ቀጥ ብላ ቆመች። «አልማዝ! እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ። እርሳቸውስ…?»

«የኔ ነው» አለች አክስቱ። «አስገቢው፣ አይነካም።»

ገቡ። ሰዎች ለስላሳ የቆዳ ወንበሮች ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ማንም ከማንም አያወራም። አክስቱ ዙሪያውን ቃኘች።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«ሆስፒታል እኮ ነው! ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እስኪጠራ ይጠብቃል።»

«ምግቡ ግን ነፃ ነው፣ አክስቴ።»

«የሆስፒታሉም ነፃ ነበር። ማን በላው?» አለች። እንዲህ ትበል እንጂ ሲወጡ ቦርሳዋ በብስኩት አብጦ ነበር።

መሳፈሪያው በር ጋ ጥርስ ሠሪው ቆሟል። ይህ ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ እዚህ ከተማ ይሠራል፣ እዚያ ከተማ ወስዶ ለባለቤቱ ይገጥማል፤ ስለዚህ እሱም በየሳምንቱ ይበራል፣ እሱም የመጨረሻው ረድፍ ሰው ነው። ከባለሚዛኑ ጋር በጋዜጣ ነው የተወዳጁት። አንዱ ጋዜጣ ይገዛና ለሁለት ይገነጥሉታል፤ አውሮፕላኑ ደመናው ላይ ሲወጣ ይለዋወጣሉ።

«ሰላም፣ ጀማሪ!» ብሎ ከሩቅ ጮኸ።

«ሰላም፣ ጀማሪ!» አለ ባለሚዛኑም። የጥርስ ሠሪውም ወርቅ በዚያው ወር ነው የተነጠቀው።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት እኛ ነን። እና እኚህ ናቸው አልማዟ?»

«እኔ ነኝ» አለች አክስቱ አገጯን ቀና አድርጋ።

«እንዴት አድርገው ደረሱበት፣ እማማ? እኛ በዚህ በር ስንመላለስ ስንት ጫማ ጨረስን።»

«ጥፋታችሁ እሱ ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ ማን ያያችኋል? እኔ ጋደም አልኩና ደረስኩበት።»

ጥርስ ሠሪው የገዛ እጁ ሥራ የሆኑት ጥርሶቹ እስከ መንጋጋው እስኪታዩ ሳቀ። ገና ሳቁን ሳይጨርስ አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረችው የበሩ ሠራተኛ ወደ ባለሚዛኑ መጣች። ፊቷ ላይ ሰው ከማባረራቸው በፊት የሚያሳዩት ዓይነት ፈገግታ አለ።

«ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ። ዛሬ አንድ ሰው ተርፎብናል። ሲስተሙ እርስዎን አውጥቶዎታል።»

«እኔን? በየሳምንቱ የምታይኝን?»

«እኔማ አውቅዎታለሁ። ሲስተሙ ግን…» ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «ጀማሪ ነው የሚልዎት።»

«አክስቴ ያለ ሰው መነሳት አትችልም። እኔ ካልገባሁ እሷም አትገባም።»

«እሳቸውማ ይግቡ እንጂ፣ አልማዝ ናቸው! እርስዎን ነገ ጠዋት በመጀመሪያው በረራ…»

«ነገ ጠዋት ሐኪሙ ቢላውን ስሎ ይጠብቃታል እያልኩሽ!»

«ሲስተሙ ነው፣ ጌታዬ።»

ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ክርክር የለም። ድሮ «ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» ይባል የነበረው ነው፤ ስሙን ቀይሮ፣ ገመድና ስክሪን አበጅቶ መጣ እንጂ። ድሮ ቢያንስ የበላዩ ቤት ደጅ ይጠናል። የሲስተም ደጁ የት ነው?

ባለሚዛኑ ወደ አክስቱ ዞረ። የተሽከርካሪ ወንበሯን መደገፊያ ግራና ቀኝ ጨብጣለች። ይህን አያያዝ ያውቀዋል፤ ከሰው ቤት ተነስታ ልትሄድ ስትል እንዲህ ነው የምትይዘው።

«ግፋኝ» አለች በቀዝቃዛ ድምፅ። «ቤታችን እንሂድ።»

«አክስቴ፣ እባክሽ። ብረቱ…»

«ምዬልሃለሁ።»

አልቀለደችም። ልጅቷ ደነገጠች፤ ጀማሪ ቢቀር ማንም አይጠይቃትም፣ አልማዝ ከበር ሲመለስ ግን የሚጠየቀው በሩ ላይ የቆመ ነው።

«እማማ፣ አንዴ ካርድዎን?» ብላ ተቀበለቻትና ማሽኑ ላይ አስነካችው። ማሽኑ ለሌላ ሰው የማያወጣውን ለስለስ ያለ ድምፅ አሰማ። ልጅቷ ስክሪኑን አነበበች። ደግማ አነበበች። ስልኩን አነሳችና አፏን በመዳፏ ሸፍና አለቃዋን ጠራች።

አለቃው የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣ ሮጠ እንዳይባል በፈጣን እርምጃ መጣ። ስክሪኑን አየና ግንባሩን ጠረገ። ባለሚዛኑም አንገቱን አስግጎ አነበበው። «የደንበኛዋ የተለመደ ምርጫ፦ ስድስት መቀመጫ። መጋረጃ። ኦክስጅን። ምግብ አይፈልጉም።» ያን ጊዜ ለቃሬዛው የተሞላውን ሁሉ ማሽኑ እንደ ጠባይዋ አድርጎ ይዞታል።

«እማማ» አለ አለቃው ወገቡን ሰበር አድርጎ፤ «ቅሬታዎ ገብቶኛል። የለመዱትን ስድስት መቀመጫ ሳናዘጋጅልዎ ቀርተናል። ጥፋቱ የኛ ነው።»

ባለሚዛኑ ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። አክስቱ እጁን በጥፍሯ ቆነጠጠችው፤ ልጅ ሳለ ሰው ቤት «ልጨምርልህ?» ሲባል «በቃኝ» እንዲል የምትቆነጥጠው ቁንጥጫ ነው። አፉን ዘጋ።

«ገባህ?» አለችው አለቃውን። «እኔ አንድ ወንበር ላይ! ተጣጥፌ!»

«አውሮፕላኑ ሞልቶ ነው፣ እማማ።»

«ባለፈው ስሄድስ ባዶ ነበር? ስድስቱን አምጣ።»

ይህች ሴት ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ሻጩ የተወለደበትን ቀን እስኪረግም ነው የምትከራከረው። አለቃው ይህን ከየት ይወቅ?

«ስድስት እንኳ በፍጹም…»

«አምስት።»

«እማማ፣ በሞቴ…»

«አራት። ከዚህ ብወርድ ራሴን ሰደብኩ።»

«ሰው ከወንበሩ ማስነሳት ሊኖርብኝ ነው እኮ!»

«እሺ፣ ሦስት። ለአንተ ብዬ ነው፤ ፊትህ የጨዋ ልጅ ፊት ስለሆነ።»

አለቃው ልጅቷን ገፋ አድርጎ ራሱ ቁልፎቹን መነካካት ጀመረ። «ሁለት» አለ በመጨረሻ። «ከፊት፣ ጎን ለጎን። ከፊት የተመደቡትን የሥራ አስኪያጃችንን እህትና ባሏን ወደ ኋላ፣ ወደ እናንተ ቦታ አወርዳቸዋለሁ። ከዚህ በላይ የአውሮፕላኑ ባለቤት ቢመጣ የለኝም።»

አክስቱ በኪሳራ የሸጠች ሰው የምትተነፍሰውን ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ሁለት ወንበር! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል? ይሁን፣ ለዛሬ ብቻ። ግን ባዶ ወንበር አጠገቤ ሲሆን ይከፋኛል። ይኼን ልጅ አስቀምጡበት።»

«በደስታ!» አለ አለቃው፤ አራት ወንበር ከአፏ ያስጣለ ጀግና መስሎ። ሲጀመርም የገዙት ሁለት መሆኑን ማንም አላነሳም።

ባለሚዛኑ ሳቁን ለመያዝ ጉንጩን ከውስጥ ነከሰ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ትደርሳለች። ትቆማለች። አለቃው የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነ፤ ማሽኑ ትንሽ አሰበና ወረቀት ተፋ። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ ቀና አለች። ያው ፈገግታ ፊቷ ላይ ተመለሰ።

«የመጨረሻው ረድፍ፣ መተላለፊያው ጋ ያሉት ጌታዬ» አለች። «በጣም ይቅርታ።»

ጥርስ ሠሪው ጋዜጣውን አጠፈ። «ሲስተሙ ነው?»

«ሲስተሙ ነው።»

«የሥራ አስኪያጁን እህት አያወጣም ሲስተሙ? በነፃ አይደል የሚሄዱት?»

ልጅቷ ወደ ወለሉ አየች።

አንዱ ወገን ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ እንደሚል ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ባለሚዛኑ ማወቅ ነበረበት፤ እንጀራው ነው። «ቆይ፣ እኔ ልቅር» አለ። አለ እንጂ እግሩ ከቦታው አልተነሳም። የአክስቱ ጥፍርም ገና እጁ ላይ ነበር።

አክስቱ ወደ አለቃው ዞረች። «አንተ የጨዋ ልጅ፣ ሦስት ብዬህ አልነበር? ሦስቱን አምጣ!»

«እማማ፣ ተስማምተን ጨርሰናል» አለ አለቃው፤ በዚህች አጭር ጊዜ ገበያ ለምዷል። «ሁለት ብለው ወስደዋል።»

«አንድ ወንበር ነው የለመንኩህ።»

«በሩ ሊዘጋ ነው፣ እማማ።»

ጥርስ ሠሪው መጥቶ የባለሚዛኑን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «ሂድ፣ ምን ያስቆምሃል? ጥፋቱ የኔ ነው። አክስት ሳልይዝ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ…»

«አውቃለሁ። ይልቅ ይቺን አድርስልኝ።» ከቦርሳው የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነጭ ሣጥን አወጣ። «የጠበቃ ጥርስ ነው፤ ነገ ጠዋት ችሎት አለው። መውጫው ላይ የክሊኒኩ ሰው ይቀበልሃል። አደራ እንዳይንገጫገጭ፤ የላይኛው ከታችኛው ጋር ከተጋጨ ይሸረፋል።»

«ነገ አንተ ስትደርስ…»

«እኔ ስደርስማ ሰውየው ተከራክሮ ጨርሷል። ጥርሱን ሲያጠልቅ በመጀመሪያ እነዚህን ይክሰስልኝ በለው።» ግማሹን ጋዜጣ ገንጥሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠለትና ሻንጣውን እየጎተተ ሄደ።

ከፊት ያለው ወንበር ሰፊ ነው፤ እግር ተዘርግቶ የሚነካው ነገር የለም። ባለሚዛኑ አክስቱን ብብቷ ሥር ይዞ አስቀመጣት፣ ዳሌዋን በትራስ ደገፈላት፣ ቀበቶዋን አሰረላት። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን እያንጠለጠሉ በአጠገባቸው ወደ ኋላ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ያያቸዋል፣ አንዳንዱ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የሥራ አስኪያጁ እህት ከነባሏ አለፈች። እሷ ግን በደንብ አየቻቸው።

አስተናጋጇ መጣችና ጎንበስ አለች። «እመቤቴ፣ መጋረጃውን ልዝጋልዎ? ምርጫዎ ላይ ተጽፏል።»

አክስቱ አንገቷን አዙራ በመተላለፊያው እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ተመለከተች።

«ዝጊው» አለች። «ፊታችንን እንዳያዩት።»

ከነሱና ከኋለኞቹ መሐል ያለው መጋረጃ ተዘጋ። ሞተሩ ተነሳ፤ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ሮጠና ለቀቀ። አክስቱ ዓይኗን ጨፍና የእህቷን ልጅ እጅ ይዛ ቆየች። ዓይኗን ስትገልጥ መስኮቱ ነጭ ሆኗል።

«ደመና ነው?»

«ደመና ነው።»

«ባለፈው አላሳዩኝም» አለች። ወደ እሱ ዞረችና፣ «ያ ሰውዬ ደግ ሰው ነው።»

«ደግ ሰው ነው።»

«ስሙ ማን ነው?»

ባለሚዛኑ አሰበ። ጋዜጣ ሲካፈሉ፣ በክርን ሲገፋፉ፣ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው የሻይ ኩባያውን ሲይዝለት የስንት ዓመት ወዳጆች ናቸው።

«አላውቀውም» አለ።

«እንግዲህ ከሲስተሙ በምን ትሻላለህ?» አለችና ፊቷን ወደ ደመናው መለሰች።

ባለሚዛኑ ሣጥኗን ከኮቱ ኪስ አወጣ። አውሮፕላኑ ደመናው ውስጥ ሲንገጫገጭ ውስጧ ቀጭን የኳኳታ ድምፅ ይሰማል። ክዳኗን ከፈተ። ሁለት ረድፍ ጥርስ፣ እንከን የሌለው፣ በማንም ላይ ሳይሆን እንዲያው ይስቃል። አስተናጋጇ ከለውዙ ጋር ያመጣችለትን ወፍራም የጨርቅ መሐረብ ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ለሁለት አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው፤ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መሐል በጣቱ ጫፍ እየጠቀጠቀ አስገባው። ክዳኗን ቋ እስክትል ገጠማት። ጆሮው ጋ አስጠግቶ ነቅነቅ አደረጋት። ድምፅ የለም። ጎንበስ ብሎ እግሮቹ መሐል፣ ከወንበሩ ሥር አስቀመጣት።